አሚን የማይል ዕቃ

ኮምፒውተርን የፈጠሩት ሰዎች ወሎ ኖረው አያውቁም። በዚህ ላይ ማንም እንዲከራከረኝ አልፈልግም። አንድ ክረምት እንኳ እኛ ዘንድ ቢከርሙ ኖሮ፣ ሁለት ዕቃ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ «አንተን አላውቅህም» ሲባባል እያዩ ዝም አይሉም ነበር። እኛ እኮ ስሙ ሁሴን፣ የአባቱ ስም ገብረ ማርያም የሆነ ሰው ስናገኝ «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብለን አንጠይቅም፤ «እንዴት ዋልህ?» ብለን እናልፋለን። ሲጋቡ እንድራለን፣ ሲሞቱ እንቀብራለን፣ ሲጣሉም እናስታርቃለን። ኮምፒውተሮችን ግን ማን ያስታርቅ? እስካሁን ሽማግሌ የላከባቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

እስቲ ወደ ቤቴ ግቡና ፍረዱኝ። ቤቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፤ መርሐባ። ያቺ ጥግ ላይ የተቀመጠች አሮጌ ላፕቶፕ የእኔ ናት፤ ይህን ወግ የምጽፈውም በእሷ ነው። አርጅታ ለመነሳት ግማሽ ቀን ሲፈጅባት ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድኋት። እሱም ዊንዶውሷን አውጥቶ ሊኑክስ የሚባል ነገር ጫነባትና «አሁን እንደ ኮረዳ ትሮጣለች» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ትሮጣለች፤ ወዴት እንደምትሮጥ ግን ነግራኝ አታውቅም። ደግሞ ግልፍተኛ ናት። ያልወደደችውን ነገር ሲሰጧት ጥቁር መስኮት ትከፍትና ረጅም ነገር ታጉረመርማለች። እኔም ለምጄው አልሰማትም።

ቀጥሎ ባለቤቴ ዘይነብ አለች። ወንድሟ ከጅዳ አይፎን ልኮላታል፤ የእኔ ስልክ አንድሮይድ ነው። እኔና ዘይነብ ስንቱን ነገር ተቻችለን ይህን ሁሉ ዘመን በሰላም ስንኖር፣ ስልኮቻችን አንድ ትራስ ሥር እያደሩ አንዲት ፎቶ መቀባበል አቃታቸው። በብሉቱዝ ሞክሬያለሁ። ለምኛለሁ፣ ተቆጥቻለሁ። አንዱ «እየፈለግሁ ነው» ይላል፤ ሌላው መኖሩንም አይናገር። ፎቶዋን ማየት ስፈልግ ስልኳን ተቀብዬ ነው የማየው።

ከአጥር ወዲያ ደግሞ ጎረቤቴ ታምራት አለ። የወንጌል አማኝ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን የመዘምራን ቪዲዮ የሚያቀናብረው እሱ ነው። ለዚህ ሥራ፣ ጀርባዋ ላይ የተገመጠች ፖም ያለባት ማክ ኮምፒውተር አለችው። ታምራት ሲዘምር ሰፈሩን ያነቃል፤ ስለዚያች ማክ ሲያወራ ግን ሰው የሚሰማበት ይመስል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

እነዚህን ሁሉ ባለጋራዎች ባንድ ሰርግ ላይ ላስማማ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ፋጡማ ኮምቦልቻ ናት፤ ልጇ ሐያት ከኮምቦልቻ ወዲያ ላለችው ለሐርቡ ከተማ ልጅ ተዳረች። በእኛ ቤት ደግሞ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ፤ ሴት ልጅ ከወላጆቿ ቤት የምትወጣው የአባባን ዱአ ተቀብላ ነው። አባባ ማለት አባቴ ሐጂ ይማም ናቸው። እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ቅድመ አያታቸው ከየመን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ከሱ የወረሱት ዋናው ነገር በክርክር አለመሸነፍ ነው። ሐያት ደሴ የተማረችው እሳቸው ቤት ሆና ስለሆነ፣ ለአባባ የልጅ ልጅ ብቻ ሳትሆን የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ዘንድሮ ግን ጉልበታቸው ደከመ፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ በመኪና መውረድ አልቻሉም። ሐያት ይህን ስትሰማ አለቀሰች፣ አለቀሰችና አንድ ቃል ተናገረች። የአባባን ዱአ ሳትሰማ ከሙሽራ ወንበሯ እንደማትነሳ። ያለችውን የምታደርግ ልጅ መሆኗን የምናውቅ ሁላችን ደነገጥን።

አባባ አልደነገጡም። ያቺን ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ በሰርጉ ቀን ደውለው ዱአ እንደሚያደርጉላት ነገሩን። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እናንተም ይህን አታነቡም፣ እኔም ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ ቀና ብዬ እሄድ ነበር። ግን እኔ የተማርሁ ነኛ! በስልክ ዱአ? በዚህ ዘመን? ኔትወርክ እንደማይታመን፣ በቪዲዮ ቀርጬ በትልቅ ስክሪን እንደማሳያት፣ ልክ አጠገቧ የተቀመጡ ያህል እንደሚሆን አስረዳኋቸው። አባባ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ዋጋ የሚያጣጥልባቸውን ደንበኛ እንደዚያ ነው የሚያዩት።

በማግስቱ የዘይነብን አይፎን ፊታቸው አቁሜ «ይጀምሩ» ስላቸው፣ መዳፋቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

«ሙሄ፣ ይኸ ዕቃ አሚን ይላል?»

«አይልም፣ አባባ። እዚያ ሲያዩት ሰዎቹ ይላሉ።»

«እኔ አሚን በማይል ዕቃ ፊት ዱአ አድርጌ አላውቅም።»

ወሎ ላላደጋችሁ ይህ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ዱአ እኮ የሁለት ወገን ሥራ ነው፤ አንዱ ይለምናል፣ ሌላው አሚን ይላል። አሚን ባይ ከሌለ ለግድግዳ እንደማውራት ነው። እኔው አሚን እንደምል ቃል ገብቼ በመከራ አስማማኋቸው። ዱአው ግን ምን ልበላችሁ... ሸጋ ነበር። ሐያት በልጅነቷ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አዝላ ስትወጣ እንዴት በር ድረስ ይሸኟት እንደነበር አንስተው፣ አሁን ደግሞ በር ላይ ቆመው መሸኘት እንዳልቻሉ ተናግረው ሲመርቋት ዘይነብ አለቀሰች። እኔ ስልኩ እንዳይንቀጠቀጥብኝ ነው የታገልሁት። እየታገልሁም አለቀስሁ።

ከዚያ መንከራተቱ ተጀመረ። አይፎኑን ከላፕቶፔ ጋር ባገናኘው ያቺ ግልፍተኛ ፊቷን አዞረች። ወደ ታምራት ማክ ስንወስደው ግን ገና ከመተያየታቸው ተቃቀፉ፤ ለካ ያንድ ቤት ልጆች ናቸው። ታምራት ዱአውን ከሐያት የልጅነት ፎቶዎች ጋር አዋህዶ ፊልም የመሰለ ነገር ሠራ። ከሥሩ የሚሆን መንዙማ እንድመርጥለት ሲጠይቀኝማ፣ ይህ ጎረቤት ለእኛ ሲል የማያደርገው የለም ብዬ ልቤ ሞላ። ሲጨርስ በገዛ ፍላሹ ገልብጦ ሰጠኝ።

ቤት ገብቼ ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ብሰካው ጥቁሩን መስኮት ከፍታ አጉረመረመች። «ይህን ዓይነት ነገር አላውቅም» ነበር የምትለው። አይ፣ ያኔ ብሰማት! እኔ ግን የተለመደ ነገሯ ነው ብዬ ነቀልሁት። በዚያው ሰሞን ዘይነብ ለሰርጉ ፎቶ ቦታ ይገኝ ብላ ዋናውን ቪዲዮ ከአይፎኗ አጠፋችው፤ ታምራት ዘንድ አለ ብላ። ታምራትም ማኳ በመዝሙር ጢም ስትልበት ክላውድ፣ ደመና ማለት ነው፣ ወደሚሉት የኢንተርኔት ጎተራ ሰቀለውና ከማኳ አነሳው፤ ሙሄ ዘንድ አለ ብሎ። ሙሄ ዘንድ ደግሞ ከሸሚዝ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል።

የሰርጉ ቀን ኮምቦልቻ ወረድን። ወይ ሙቀቱ! የደሴ ሰው ኮምቦልቻ ሲወርድ ኮቱን የት እንደሚያኖር ነው የሚቸግረው። የፋጡማ ድንኳን ሞልቶ ፈሷል። እህቴን ስላላወቃችኋት ነው እንጂ ድግስ ታውቅበታለች። ለሙስሊሙ የታረደው እዚሁ ነው። ለክርስቲያን ጎረቤቶቿ ደግሞ እዚያ ከጎን ባለው ግቢ በራሳቸው ሰው ታርዶ፣ በራሳቸው ድስት ተሠርቶ፣ በራሳቸው ልጆች እጅ ይቀርባል። ስጋ ለማይቀምስ ጾመኛም ሆነ በሽተኛ አንድ ትልቅ ድስት ሽሮ ተጥዷል። ሁሉም የየራሱን በልቶ አንድ ላይ ያጨበጭባል። ለዚህ ሥራ እኛ አገር ኢንጂነር ተቀጥሮ አያውቅም።

ሙሽራው ከነአጀቡ ከሐርቡ ደረሰ። ስክሪኑንና ኮምፒውተሩን ያከራየን ቪዲዮ ቀራጭ ካሜራውን አንስቶ አጀቡን ሊቀርጽ ወደ በሩ ሮጠ። ሐያት ወንበሯ ላይ ናት፤ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው። ፋጡማ በእጇ ጠቀሰችኝ። ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ! ቀራጩ እስኪመለስ ልጠብቅ ይሆን? ኧረ ወዲያ፣ የተማርሁ አይደለሁም እንዴ! ፍላሹን ከኪሴ አውጥቼ ራሴ ሰካሁት።

ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ነው። ትንሽ አሰላሰለና አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ፤ ይህን ዲስክ ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት መደረግ አለበት፣ ላድርገው ወይ? እንግዲህ ፍረዱ። እኔ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባልሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ በትሕትና የጠየቀን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው፤ የማናደርገውን ነገር እንኳ «እሺ፣ ኢንሻአላህ» ብለን ነው የምንሸኘው። ለሰርግ ስትጠሩን እሺ፣ ዕቃ አውሱን ስትሉን እሺ፣ ነገ ና ስትሉን እሺ። ጠያቂውም ያውቀዋል፣ እኛም እናውቀዋለን፣ ማንም አይጎዳም። እሺ አልሁት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ይሁን? ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው፣ ላቤ ይንቆረቆራል፣ ማን ያነባል? ሁለተኛ ሲለምኑት ደግሞ እምቢ የሚል ሰው ክፉ ነው። እሺ፣ ኢንሻአላህ።

የፈረንጅ ዕቃ ክፋቱ፣ እሺ ያሉትን ወዲያው ያደርገዋል።

ፍላሹ ተከፈተ። እንደ አራስ ልጅ ንጹሕ ነው። መጀመሪያ ዱአው ጥግ ላይ ይሆናል ብዬ ፈለግሁ። ነቅዬ እፍ ብዬ እንደገና ሰካሁት። በመጨረሻ ታምራትን ከምግቡ አስነሥቼ አስጠራሁት፤ ጉርሻውን ሳይጨርስ መጣ።

«ምን ብሎ ጠየቀህ?» አለኝ።

«ፎርማት ላድርገው ወይ አለኝ።»

«አንተስ?»

«እሺ አልሁት።»

ታምራት ዓይኑን ጨፈነና «ጌታ ሆይ» አለ፣ በሹክሹክታ። ሲጸልይ ሰፈር የሚያነቃ ሰው እንዲህ አጭር ጸሎት ሲጸልይ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ አስረዳኝ። ፍላሹ የተዘጋጀው በማክ ሥርዓት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንን ማንበብ አይችልም። አይችልምና «እንግዳው የሚናገረው አልገባኝም፤ የያዘውን ሁሉ አራግፌ ባዶውን ላስገባው ወይ?» ብሎ ነው የጠየቀኝ። እኔ የሙሽራዋ አጎት፣ እንግዳ ተቀባዩ፣ አዎ አራግፈው አልሁ።

ግን አብሽር አለኝ ታምራት፤ ክላውድ ላይ አለ። ስልኩን አውጥቶ ከዚያ ማውረድ ጀመረ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ላሚቱን ያየኋት ግን ያን ቀን ነው። የድንኳኑ ሰው ሁሉ ፎቶ እየላከ ኢንተርኔቱን ተቀራምቶታል። ታምራት ስልኩን ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ከፍ ያደርጋል፣ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። በሰርጉ ላይ ሁለት ቀለበት ነበር፤ አንዱ ሐያት ጣት ላይ ዝም ብሎ ያበራል፣ ሌላው ታምራት ስልክ ላይ ይሽከረከራል።

የሐርቡ ሰዎች መቁነጥነጥ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌያቸው ሰዓታቸውን አይተው መንገዱ እንዳይመሽባቸው አሳሰቡ። ከኋላ በኩል ደግሞ ልጅቷ ሐሳቧን ቀይራ ይሆን እንዴ የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። ሙሽራው፣ ምስኪን፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሐያትን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ባዶውን ስክሪን ያያል። ወደ ሐያት ቀርቤ ላባብላት ጎንበስ አልሁ። ኩሏ ሊፈስ ነው።

«አጎቴ፣ የአባባ ዱአ የታለ?»

«እየመጣ ነው፣ የኔ ዓለም።»

«ከየት?»

«ከላይ» አልኋት። ሌላ ምን ልበል?

እሷ ግን አልሣቀችም። እግሯን ሰብስባ ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘችው። ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት። ይህች ልጅ በእኔ እሺ ምክንያት ከዚህ ወንበር ላትነሣ ነው፤ የሐርቡም ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ ነው። ፋጡማ ማማሰያዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ታምራት የሆነውን ሁሉ፣ ማክ ምን እንደሚበላ ዊንዶውስ ምን እንደማይበላ፣ እንደምንም አስረዳት። እህቴ ሰምታ ስትጨርስ እሱን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ ለሁለት ሃይማኖትና ለጾመኛ ሦስት ድስት ጥጄ ማንም ሳይራብ፣ አንተ አንዲት ዱአ ለሁለት ዕቃ ማቅረብ አቃተህ?»

ታምራት አንገቱን ደፍቶ እውነቷን እንደሆነ መሰከረ። ሁሉም ኮምፒውተር የሚያነበው የፍላሽ አዘገጃጀት አለ አሉ። ሽሮ ማድረግ ሲገባው በማክ ስጋ እንደሰጠኝ አመነ፤ ግማሹን ጥፋት ስለወሰደልኝ አላህ ይስጠው። ፋጡማ ግን ይቅርታ የምትሰማበት ጊዜ አልነበራትም። «ደውልላቸው» ብላኝ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

አባባ ጋ ደወልሁ። ስልኩን በትልቁ ድምፅ አደረግሁትና፣ ከበሩ የተመለሰው ቀራጭ ማይክራፎኑን የስልኩ አፍ ላይ ደቀነበት። ለአባባ ግን በማይክራፎን እንደሚሰሙ ቀድሜ አልነገርኋቸውም። ይህ የቀኑ ሁለተኛ ስሕተቴ ነው።

«ሙሄ፣ ያ ዕቃህ እምቢ አለህ አይደል?» የሚለው የአባባ ድምፅ ከድንኳኑ አራት ማዕዘን ወጣ።

የድንኳኑ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ዕቃው ጥያቄ እንደጠየቀኝ፣ ሳላነብ እሺ እንዳልሁት፣ ዱአቸውም እንደጠፋ ተናዘዝሁ። የሐርቡ ሰዎች ሁሉ እየሰሙ።

«ዱአውማ የት ይጠፋል?» አሉ አባባ። «እሱ ያደረግሁት ዕለት ሊደርስበት ደርሷል። የጠፋው ያንተ ፊልም ነው። ይልቅ እዚያ አሚን ባይ አለ?»

«ድንኳኑ ሙሉ ነው፣ አባባ።»

«የነታምራት ወገኖችስ?»

«አሉ።»

«በሉ እንግዲያው እጃችሁን ዘርጉ።»

ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። ሙስሊሙ ዘረጋ፣ ክርስቲያኑም ዘረጋ፤ ታምራት የሚሽከረከረውን ቀለበት ኪሱ ከትቶ ዘረጋ። አባባ የገባሽበት ቤት በረካ ይሁን አሏት፤ አሚን። ወልደሽ ሳሚ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ አሚን። በር ላይ ቆሜ ባልሸኝሽም አላህ ይሸኝሽ አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ። ኔትወርኩ ነው ብዬ ስልኩን አየሁት። ኔትወርኩ አልነበረም። እየሰማናቸው ትንሽ አለቀሱ፤ እኛም ጠበቅናቸው፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጨረሱ። ሐያት እያለቀሰች ከወንበሯ ተነሣች። የሐርቡ ሴቶች በእልልታ ድንኳኑን አናጉት።

እኔም ተገላገልሁ ብዬ ስልኩን ልዘጋ እጄን ስሰድድ አባባ ለካ አልጨረሱም።

«ቆዩ፣ እጃችሁን አታውርዱ። ይህንን የተማረ ልጄንም ያላነበበውን እሺ ከማለት አላህ ይጠብቀው።»

«አሚን!» አለ ድንኳኑ በሙሉ። ለሙሽሮቹ ከተባለው አሚን ሁሉ ይህኛው ይበልጥ ነበር። ሙሽራው ራሱ ሲል አይቼዋለሁ። ሐያት ዕንባዋን እየጠረገች ሣቀች። ፋጡማ ከጓዳ ሆና ጮኻ አለችው። ከሁሉም በላይ የተሰማው ግን ታምራት ነው፤ ያን ዕለት በሹክሹክታ የጸለየውን ሁሉ በዚያች አሚን አካካሰው።

ቪዲዮው ከክላውድ የወረደው ሐያት ሐርቡ ገብታ ቤት ማሰናዳት ከጀመረች በኋላ ነው። ታምራት በዘይነብ አይፎን ላይ አሳየን። መንዙማው አለ፣ ፎቶው አለ፣ አባባ አሉ፤ በየመሐሉ ብቻውን «አሚን... አሚን...» የሚል አንድ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። የእኔ ነው። አሁን ስሰማው፣ አባባ ያን ቀን ለምን እጃቸውን አጥፈው እንደነበር ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሁሉ ሲጠይቀኝ እጄን ሰብስቤ አነባለሁ። ይህን ወግ እንኳ ጽፌ ስጨርስ ላፕቶፔ በምን ዓይነት አድርጌ ላስቀምጥልህ ስትለኝ፣ መነጽሬን አጥልቄ ከላይ እስከ ታች አንብቤ ሽሮ የሚመስለውን መረጥሁ። ይህን ወግ የምልክለት ጋዜጣ ቢሮ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፤ እናንተ ደግሞ በምን እንደምታነቡት አላህ ይወቅ። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሳይሆን እዚህ ድረስ ከደረሳችሁ ግን የአባባ ዱአ ሠርቷል ማለት ነው። የያዛችሁት ዕቃ አይልምና፣ እናንተው አሚን በሉልኝ።